ውጭ አገር ሲማሩ ወዳጅ ስለማፍራት፦ የተሳሳቱ አመለካከቶች እና እውነታው

ለማስተርስ ጀርመን ለመሄድ የሚዘጋጅ ተማሪ ምክር አያጣም። ስለ ቪዛው፣ ባንክ ስለሚታገደው ገንዘብ፣ ስለ ብርድ ልብሱ የማይነግረው የለም። ስለ ሰው ግን ጥቂት ነው የሚነገረው፤ ከዚያም ብዙው ስህተት ነው። ይህ ያሳስበኛል። ብርዱ ሲገባ ክፍሉን ዘግቶ የሚውል ተማሪ አለ፤ ጥፋቱም የራሱ ይመስለዋል።

«ጀርመኖች ቀዝቃዛ ናቸው፤ ጓደኛ አይሆኑም»

ይህን የሚሉ ሰዎች ብዙ ጊዜ የመጀመሪያዎቹን ወራት አይተው ነው የሚፈርዱት። እኛ ጋ ጎረቤት ሳይደውል ይመጣል፤ ቡና ከተፈላ ይጠራራል። እዚያ ለቡናም ቀጠሮ ይያዛል፤ አንዳንዴም ከሁለት ሳምንት በፊት። ለእኛ ሰው ማራቅ ይመስላል። ግን ቀጠሮ የሰጣችሁ ሰው ያንን ሰዓት ለእናንተ ብሎ ለይቶታል። ይመጣል፤ በሰዓቱም ይመጣል።

ዋናው ጉዳይ ጊዜ ነው። በአሜሪካ የካንሳስ ዩኒቨርሲቲው ጄፍሪ ሆል እ.ኤ.አ. በ2018 ስለዚህ ያደረገው ጥናት ይፋ ሆኗል። ሁለት ሰዎች ተራ ጓደኛ ለመባል 50 ሰዓት ገደማ አብረው ማሳለፍ አለባቸው። ለልብ ወዳጅነት ከ200 ሰዓት በላይ ይፈልጋል። እስቲ አስሉት። በሳምንት ሁለት ሰዓት ብቻ የምታገኙት ልጅ 50 ሰዓት የሚሞላው በ25 ሳምንት ነው። ጀርመን ውስጥ አንድ ሴሚስተር ከነዕረፍቱ 6 ወር ስለሆነ ሴሚስተሩ አለቀ ማለት ነው። በሦስተኛው ወር «እኔን ማንም አይወደኝም» ብሎ ተስፋ መቁረጥ ገና ሳይጀመር መጨረስ ነው። ሌላም ነገር አለ። በዚያው ጥናት አብሮ መሥራት ብቻውን ብዙም አላቀራረበም። የሚያቀራርበው አብሮ መብላት፣ መጫወት፣ መዝናናት ነው።

ስለዚህ የት እንደምትኖሩ ትልቅ ነገር ነው። እ.ኤ.አ. በ1950 የታተመ የታወቀ ጥናት አለ። የሥነ ልቦና ተመራማሪው ሊዮን ፌስቲንገርና ባልደረቦቹ ኤምአይቲ በሚባለው የአሜሪካ ዩኒቨርሲቲ ባለትዳር ተማሪዎች የሚኖሩበትን ሰፈር አጠኑ። በር ለበር ከሆኑ ጎረቤቶች 41 በመቶው የቅርብ ወዳጅ ነን አሉ። በኮሪደሩ ሁለት ጫፍ ከሚኖሩት ግን 10 በመቶው ብቻ። ልዩነቱን ያመጣው ጥቂት ሜትር ነው! ጀርመን ውስጥ ተማሪዎች አንድ አፓርታማ ተጋርተው የሚኖሩበት «ቬጌ» የሚባል ኑሮ አለ። ዶርም ውስጥም የጋራ ኩሽና ያለው ፎቅ ይገኛል። አቅማችሁ ቢፈቅድም እንኳ ብቻ የሚኖሩበትን ስቱዲዮ ለመጀመሪያው ዓመት ባትመርጡ እላለሁ። ሽሮ ስትሠሩ ለአንድ ሰው ጨምራችሁ ሥሩ። ምግቡን ክፍላችሁ ይዛችሁ አትግቡ፤ እዚያው ኩሽና ቁጭ ብላችሁ ብሉ።

«ከሐበሻ ካልራቅክ ከፈረንጅ አትግባባም»

ይህ ምክር ብዙ ልጆችን ጎድቷል። የሥነ ልቦና ተመራማሪው ስቲቨን ቦክነርና ባልደረቦቹ በሃዋይ ያሉ የውጭ ተማሪዎችን አጥንተው እ.ኤ.አ. በ1977 እንዳሳዩት ተማሪው ሦስት ዓይነት ሰው ይፈልጋል። የአገሩ ሰው ማንነቱን ይዞ እንዲቆይ ያግዘዋል። የአገሬው ሰው በትምህርቱና በኑሮ ጉዳይ ይረዳዋል። ከሌላ አገር የመጣው ተማሪ ደግሞ የመዝናኛ ጓደኛው ነው። አንዱ የሌላውን ቦታ አይሸፍንም። ከቢሮ የመጣ የጀርመንኛ ደብዳቤ ሲያስጨንቃችሁ ጀርመናዊቷን የቤት ተጋሪ ትጠይቃላችሁ። እናት ታማ ከአዲስ አበባ ሲደወልላችሁ ግን ምንም ሳታብራሩ የሚገባው ሰው ያስፈልጋችኋል። ፍራንክፈርትም ኮሎኝም እሁድ ከቅዳሴ በኋላ «ና ልጄ፣ ቅመስ» የሚሉ እናቶች አሉ። ከእነሱ መሸሽ ጀርመንኛ አያስተምርም።

«መጀመሪያ ቋንቋውን ልቻል»

ቋንቋው የሚመጣው ከሰው ነው። ዩኒቨርሲቲዎች ታንደም የሚባል ነገር አላቸው፤ ሁለት ሰው ተገናኝቶ አንዱ የሌላውን ቋንቋ ያስተምራል። አማርኛ መማር የሚፈልግም ይገኛል። የዩኒቨርሲቲው ስፖርት ደግሞ ርካሽ ነው፤ ኳስ ለመቀባበል ብዙ ሰዋስው አይጠይቅም።

«የጉዞ ላይ ትውውቅ ከንቱ ነው»

የወጣቶች ማረፊያ ወይም ሆስቴል የተወለደው እዚያው ጀርመን ነው። ሪቻርድ ሺርማን የሚባል መምህር ተማሪዎቹን ይዞ በእግር ሲጓዝ እ.ኤ.አ. በ1909 ከባድ ዝናብ ያዛቸው፤ አንድ ትምህርት ቤት ውስጥ ተጠልለው አደሩ። ከዚያ ሐሳብ ተነስቶ በ1912 በአልቴና ግንብ ማረፊያ ተከፈተ። አንድ ክፍል ተጋርቶ ማደር፣ አንድ ማዕድ ላይ መብላት እስከ ዛሬ የሆስቴል ልማድ ነው። ርካሽ ስለሆነ ተማሪ ይችለዋል። ከክፍል ጓደኛ ጋር ሁለት ቀን መጓዝ ስንት ሰዓት እንደሚሆን ደግሞ ከላይ ካለው ስሌት ጋር አነጻጽሩት።

«ትምህርቱ ሲያልቅ ወዳጅነቱም ያልቃል»

መራራቁ አይቀርም። የተራራቀ ግን ጠፋ ማለት አይደለም። አሜሪካዊው የሶሲዮሎጂ ምሁር ማርክ ግራኖቬተር እ.ኤ.አ. በ1973 ላሳተመው ጥናት ቦስተን አካባቢ በትውውቅ ሥራ ያገኙ ሰዎችን ጠይቆ ነበር። ሥራውን የጠቆማቸውን ሰው አዘውትረው የሚያገኙት 17 በመቶ ያህሉ ብቻ ነበሩ። የቀሩት አልፎ አልፎ ወይም ከስንት አንዴ የሚያዩት ሰው ነው የጠቆማቸው። የቅርብ ወዳጃችሁ የሚያውቀውን እናንተም ታውቁታላችሁ፤ ራቅ ያለው ሰው የሚሰማው ወሬ ሌላ ነው። ይህ የሚሆነው ግን ስማችሁን የሚያስታውስ ካለ ነው።

ለዚያ ብዙ አይጠበቅም። የጀርመኖች የገና ዋናው ምሽት ዲሴምበር 24 ነው፤ የእኛ ገና ጃንዋሪ 7። በእነሱ በዓል እናንተ ጻፉ፤ በእኛው ፎቶ ላኩላቸው። ልደትን በተመለከተ አንድ ነገር ልብ በሉ፦ ከቀኑ በፊት መልካም ልደት ማለት ገደ ቢስ ነው ይላሉ። በቀኑ ካልደረሳችሁ ዘግይታችሁ ብትጽፉ ይሻላል።