ማስፈልፈያ ምንድን ነው? የድርጭት እንቁላል ጎንደር ላይ

የአገራችን ዶሮ ጊዜዋ ሲደርስ ድምፅዋን ቀይራ፣ ላባዋን ነፍታ እንቁላሏ ላይ ትቀመጣለች። አያቴ ጭድ በጎዘጎዘችበት ቅርጫት እንቁላሉን ደርድራ ታስታቅፋት ነበር፤ ከዚያ 21 ቀን መቁጠር ብቻ ነው። የቤት ድርጭት ግን እንቁላሏን ጥላ ዘወር ትላለች። ለብዙ ትውልድ ብዙ እንቁላል እንድትጥል እየተመረጠች ስትራባ የመታቀፍ ጠባይዋ ጠፍቷል።

ማስፈልፈያ፣ ብዙዎቻችን ኢንኩቤተር የምንለው፣ የዚያችን እናት ሥራ የሚሠራ ሳጥን ነው። ሙቀት ይሰጣል፣ እርጥበት ይጠብቃል፣ አየር ያስገባል፤ እንቁላሉን ደግሞ ወይ ራሱ ያገላብጠዋል ወይ እኛ በእጃችን እናገላብጣለን።

ለቤት የሚረባው የጃፓን ድርጭት የሚባለው ነው። እስራኤላውያን በምድረ በዳ በሉት ተብሎ በኦሪት የምናነበው፣ በደጋችን ሣር ውስጥም የሚኖረው የዱሩ ድርጭት የቅርብ ዘመዱ እንጂ ራሱ አይደለም። እንቁላሉ ዝንጉርጉር፣ ክብደቱም ከ10 እስከ 12 ግራም ነው፤ በ17 ወይም በ18 ቀን ይፈለፈላል።

ስለ ሙቀቱ ብዙ ማለት አያስፈልግም። ማራገቢያ ባለው ሳጥን ከ37.5 እስከ 37.8 ዲግሪ ይበቃል፤ ማራገቢያ ከሌለው በእንቁላሉ አናት ልክ ተለክቶ አንድ ዲግሪ ያህል ይጨመራል። እስከ 14ኛው ቀን በቀን ቢያንስ ሦስት ጊዜ ይገላበጣል፤ ካልተገላበጠ ጽንሱ ከቅርፊቱ ጋር ይጣበቃል።

ጎንደር ላይ ሰውን የሚያስቸግረው እርጥበቱ ነው። እኔም መጀመሪያ ታኅሣሥ ላይ ከደረደርኳቸው 30 እንቁላሎች አራት ብቻ ወጡ። የቀሩትን ስከፍት አብዛኞቹ ጫጩቶች አድገው ጨርሰዋል፤ ሽፋናቸው ግን እንደ ደረቀ ቆዳ ተጣብቆባቸው ሞተዋል። መመሪያው እንዳለው እርጥበቱን 50 በመቶ ላይ ጠብቄ ነበር። ያዘንኩት ለእንቁላሉ ዋጋ አይደለም፤ ለመውጣት ጥቂት የቀራቸው ነፍሶች ነበሩ።

ነገሩ እንዲህ ነው። እንቁላል በቅርፊቱ ቀዳዳዎች በኩል ቀስ እያለ ውሃ ያጣል፤ ማጣትም አለበት። እስኪወጣ ድረስ ከክብደቱ ከ11 እስከ 13 በመቶ ሲቀንስ፣ በወፍራም ጫፉ ያለው የአየር ኪስ ጫጩቱ የመጀመሪያ ትንፋሹን እንዲስብበት ይሰፋል። ትንሽ ከቀነሰ ጫጩቱ በውሃ ይታፈናል፣ ብዙ ከቀነሰ ይጣበቃል። ከተማችን ደግሞ ከባሕር ወለል ከ2,100 ሜትር በላይ ናት። የአየሩ ግፊት በባሕር ዳርቻ ካለው በአንድ አምስተኛ ያህል ያንሳል፤ በሳሳ አየር ውስጥ ውሃው ከእንቁላሉ በሩብ ያህል ፈጥኖ ይወጣል። ለቆላ አገር የተጻፈው 50 በመቶ እርጥበት ጎንደር ላይ ወደ 60 ከፍ ማለት አለበት። በበጋ የውሃ ሳህን መጨመር፣ በክረምት መቀነስ ያስፈልጋል።

ከእርጥበት መለኪያው ይልቅ ሚዛንን አምናለሁ። ሃያ እንቁላል በአንድነት 220 ግራም ከሆነ በ15ኛው ቀን 195 አካባቢ መድረስ አለበት፤ በየአምስት ቀኑ ስምንት ዘጠኝ ግራም መቀነስ ማለት ነው። ከዚያ በላይ ከቀነሰ ውሃ እንጨምራለን።

በመጨረሻዎቹ ሦስት ቀናት መገላበጡ ይቆማል፤ እርጥበቱ ከ70 በላይ ይወጣል፤ ክዳኑም አይነሳም። ጫጩት ሲጮህ እየሰሙ አለመክፈት ይከብዳል፤ አንድ ጊዜ ከፈት ሲደረግ ግን እርጥበቱ ያመልጥና የቀሩት ይጣበቃሉ። የወጣው አስኳሉን ወደ ሆዱ ስቦ ስለሚወጣ አንድ ቀን ሳይበላ ይቆያል። የአየር ቀዳዳዎቹን መድፈን ግን ስህተት ነው፤ እዚህ ኦክስጅኑ በራሱ ያነሰ ነው።

መብራት ሲጠፋ ሳጥኑን በጋቢ መሸፈን ነው፣ ቀዳዳዎቹን ሳይደፍኑ። እናት ወፍም ለመብላት ትነሳለች፤ የሰዓት ሁለት ሰዓት መቀዝቀዝን ብዙዎቹ ይችሉታል። የከፋው 40 ዲግሪ ማለፍ ነው።

ሲፈለፈል ጫጩቱ 7 ግራም ገደማ ነው። የመጀመሪያውን ሳምንት 36 ዲግሪ አካባቢ ይፈልጋል፤ ከዚያ በየሳምንቱ ሦስት ዲግሪ ይቀነሳል። ለዶሮ ጫጩት የምንሠራው ሃይ ቦክስ፣ ማለትም በጭድ የታጨቀ የጫጩት ማሳደጊያ ሳጥን፣ መብራት ባይኖርም ሙቀት ይይዛል፤ ለድርጭት ግን ጭዱን ወፈር፣ ሳጥኑን ጠበብ ማድረግ ይሻላል። የውሃው ሳህን ውስጥ ጠጠር ይጨመር፤ በጣት ጥልቀት ውሃ ይሰምጣሉ። የሥጋ ዶሮ ጀማሪ መኖ አድቅቆ፣ ተቀቅሎ የተፈጨ እንቁላል ጨምሮ መስጠት ያዋጣል፤ ከዶሮ ጫጩት የበለጠ ፕሮቲን ይፈልጋሉ።

በሦስተኛው ሳምንት የወንዱ ደረት ቀላ ይላል፣ የሴቷ ነጠብጣብ ይሆናል። ለአንድ ወንድ ሦስት ሴት ትበቃለች። በስድስተኛው ወይም በሰባተኛው ሳምንት መጣል ይጀምራሉ፤ በቂ ብርሃን እንዲያገኙ አምፖሉን እስከ ምሽቱ 3 ሰዓት ማብራት ነው።

ለማስፈልፈል ከቆላ ከመጣው እንቁላል ይልቅ እነዚህ የሚጥሉትን እመርጣለሁ። ዶሮዎች ላይ እንደታየው ከፍታ ላይ የኖሩ ወፎች የሚጥሉት እንቁላል በቅርፊቱ የሚያሳልፈው ውሃ ያነሰ ነው። እዚሁ የጣሉትን ከሰባት ቀን ሳይበልጥ፣ ቀዝቀዝ ባለ ቦታ፣ ቀጭን ጫፉን ወደ ታች አድርጎ ማጠራቀም፤ ከዚያ እንደገና ሚዛን ላይ።