ከቴሌቪዥን ሰው ጋር መዛመድ፦ የአንድ ወገን ቅርርብ ምንድን ነው?

የድራማዋ ባለታሪክ በባሏ ስትታለል ተመልካቿ እናት ከንፈራቸውን ይመጥጣሉ፤ «አንቺ ሞኝ፣ ጥለሽው ሂጂ እንጂ!» እያሉ ይቆጣሉ። ባለታሪኳ እንደማትሰማቸው ግን አሳምረው ያውቃሉ።

አሜሪካውያኑ ተመራማሪዎች ዶናልድ ሆርተንና ሪቻርድ ዎል እ.ኤ.አ. በ1956 ባሳተሙት ጽሑፍ ይህን የአንድ ወገን ቅርርብ ብለው ገለጹት። ተመልካቹ የቴሌቪዥን ፕሮግራም አቅራቢውን አነጋገር፣ ሳቅና አመል ያውቃል፤ አቅራቢው ግን ተመልካቹን አያውቀውም። ይህም እንዲሁ በአጋጣሚ የሚመጣ አይደለም። አቅራቢው ዓይኑን ካሜራው ላይ ተክሎ «እንደምን አመሻችሁ» ይላል፣ ጥያቄ ጠይቆ መልስ የሚጠብቅ ይመስል ትንሽ ዝም ይላል፣ በየሳምንቱም በሰዓቱ ይመጣል። ከብዙ ዘመድ ይልቅ ቀጠሮ ያከብራል ማለት ይቻላል።

ደስታው ያለው ወጪ የሌለው ወዳጅነት በመሆኑ ነው። ቡና አይፈላለትም፣ ቅያሜ የለውም፣ ሲሰለች ሪሞት አለ። የቋንቋ ቅርበትም ያግዛል፤ ቃና ቴሌቪዥን ከ2008 ዓ.ም. ጀምሮ የውጭ ድራማዎችን በአማርኛ ድምፅ ሲያቀርብ ባዕዳኑ ባለታሪኮች የቤት ሰው መሰሉ።

ብዙዎች ግን ነገሩን የብቸኞች በሽታ አድርገው ያዩታል። ይህ ስሕተት ነው፤ ወዳጅና ቤተሰብ የሞላው ሰውም ይሰማዋል። ችግር የሚሆነው የእውነተኛ ሰው ወዳጅነትን ሲተካ ነው። ተከታታዩ ሲያልቅ የሚሰማው ቅሬታም ከዚሁ ቅርርብ የሚመጣ ነው፤ አጥኚዎች ከእውነተኛ መለያየት ጋር ያመሳስሉታል፤ ብዙውን ጊዜ ግን ቀለል ያለ ነው።