ስለ ዓለም አቀፍ ዳኝነት ጅማ ላይ የምንሰማቸው የተሳሳቱ አመለካከቶች

ፈረንጅ አራዳ ሰፈር፣ ቶናው እየተቀዳ ሳለ፣ ልጃቸው ሕግ የሚማርላቸው ጎረቤቴ «ልጄ ሄግ ገብቶ ለሀገሩ ይፈርድላታል» አሉ። ረከቦቱን የከበብን ሁሉ አሜን አልን። ሄግ ያሉት እዚያ ያለውን፣ መንግሥታት የሚካሰሱበትን ዓለም አቀፉን የፍትሕ ፍርድ ቤት ነው። ምኞቱ ያስደስታል፤ ሙያው ግን እንዲህ አይደለም።

«ዳኛው ለሀገሩ ይቆማል።» ለሀገር የሚከራከረው ወኪልና ጠበቃ ነው። ሜክሲኮ አሜሪካን በከሰሰችበት የአቬና ጉዳይ፣ እ.ኤ.አ. በ2004፣ አሜሪካዊው ዳኛ ቶማስ ቡርገንታል ድምፃቸውን ከአብዛኞቹ ጋር በሀገራቸው ላይ ሰጥተዋል።

«መንግሥት ይሾመዋል።» 15ቱ ዳኞች ለ9 ዓመት የሚመረጡት በተባበሩት መንግሥታት ጠቅላላ ጉባኤና በጸጥታው ምክር ቤት ነው። በሁለቱም ዘንድ አብላጫ ድምፅ ያላገኘ አይገባም።

«ዲፕሎማት የነበረ ሰው ለዳኝነት አይሆንም።» ይህኛው እኛንም ይነካል። ኢትዮጵያና ላይቤሪያ እ.ኤ.አ. በ1960 ደቡብ አፍሪካን በዛሬዋ ናሚቢያ ጉዳይ ከሰሱ። ስድስት ዓመት ከተሟገቱ በኋላ ዳኞቹ 7 ለ 7 ተከፈሉ፤ በፍርድ ቤቱ ፕሬዚዳንት ወሳኝ ድምፅ ከሳሾቹ ሕጋዊ መብት ወይም ጥቅም እንዳላቸው አላስረዱም ተብሎ ክሱ ወደቀ። ይህን ባነበብኩ ቁጥር ያንገበግበኛል። የፓኪስታን የውጭ ጉዳይ ሚኒስትር፣ ኋላም በተባበሩት መንግሥታት አምባሳደር የነበሩት ዛፍሩላህ ካን የፍርድ ቤቱ ዳኛ ሆነው ሳለ በዚያ ችሎት አልተሰየሙም። እ.ኤ.አ. በ1971 የናሚቢያ ጉዳይ እንደገና ሲቀርብ ደቡብ አፍሪካ በዲፕሎማትነታቸው የተናገሩትን አንስታ ይነሱልኝ አለች። ፍርድ ቤቱ አልተቀበላትም። ዛፍሩላህ ካን በፕሬዚዳንትነት በመሩት በዚያ ችሎት፣ ደቡብ አፍሪካ ናሚቢያ ውስጥ መቆየቷ ሕገ ወጥ ነው ተባለ። ሕጉ የሚከለክለው ሁለቱን ሥራ ባንድ ጊዜ መያዝን፣ ራስ ወኪል ወይም ጠበቃ በነበሩበት ጉዳይ ላይ መፍረድንም ነው።

«ፍርድ ቤቱ ሰው ያስራል።» የሚዳኘው መንግሥታትን ብቻ ነው። ግለሰብን የሚከስሰው፣ እዚያው ሄግ ያለው ሌላው የወንጀል ፍርድ ቤት ነው።

«ከእኛ ሰፈር ማን ይደርሳል?» የሶማሊያው አብዱልቃዊ ዩሱፍ እ.ኤ.አ. ከ2018 እስከ 2021 የፍርድ ቤቱ ፕሬዚዳንት ነበሩ፤ ዩጋንዳዊቷ ጁሊያ ሰቡቲንዴ በፍርድ ቤቱ የተቀመጡ የመጀመሪያዋ አፍሪካዊት ሴት ናቸው። ለጎረቤቴ ልጅ የነገርኩት አንድ ነገር ነው፦ የፍርድ ቤቱ ቋንቋዎች እንግሊዝኛና ፈረንሳይኛ ናቸውና ፈረንሳይኛውን ዘንድሮ ጀምር።