«ኢንሳይድ ኢስላም»፦ የአንድ ቢሊዮን ሙስሊሞች አስተያየት እንዴት ተሰብስቦ ፊልም ሆነ

«ኢንሳይድ ኢስላም፦ ዋት ኤ ቢሊዮን ሙስሊምስ ሪሊ ቲንክ» በሙስሊሙ ዓለም የሚኖረው ተርታ ሕዝብ ስለ ዴሞክራሲ፣ ስለ ሴቶች መብትና ስለ ሽብር ጥቃት ያለውን አስተያየት የሚያሳይ፣ አንድ ሰዓት የማይሞላ የአሜሪካ ዘጋቢ ፊልም ነው። ያዘጋጀው በ1999 የተመሠረተው ዩኒቲ ፕሮዳክሽንስ ፋውንዴሽን ሲሆን ዳይሬክተሩ ሮበርት ጋርድነር ናቸው። ፊልሙ የተመሠረተው የሕዝብ አስተያየት የሚያጠናው የአሜሪካ ድርጅት ጋለፕ ባካሄደው ጥናትና ከዚያ በወጣው፣ የእስልምና ጥናት ምሁሩ ጆን ኤስፖዚቶና ያኔ የጋለፕ ተመራማሪ የነበሩት ዳሊያ ሞጋሄድ በጻፉት መጽሐፍ ላይ ነው። (ዓመታቱ ሁሉ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው።) የፊልሙ ክብደት ያረፈው በቁጥሮቹ ላይ ስለሆነ፣ እነሱ ከየት እንደመጡ ሳያዩ ፊልሙን መመዘን አይቻልም።

ጋለፕ በሙስሊም አገሮች ሰፊ ጥናት ያካሄደው ከሴፕቴምበር 11 ቀን 2001ዱ ጥቃት ማግስት ነው። ከዲሴምበር 2001 እስከ ጃንዋሪ 2002 በኢንዶኔዥያ፣ በኢራን፣ በዮርዳኖስ፣ በኩዌት፣ በሊባኖስ፣ በሞሮኮ፣ በፓኪስታን፣ በሳዑዲ ዓረቢያና በቱርክ 9,924 ሰዎች ፊት ለፊት ተጠየቁ። ለጊዜው ትልቅ ሥራ ነበር። ችግሩ የመጣው ውጤቱ ሲነገር ነው። መገናኛ ብዙኃን የዘጠኙን አገሮች መልስ በሕዝብ ብዛት ሳይመዝኑ ቀላቅለው «የሙስሊሙ ዓለም አስተያየት» ብለው አቀረቡት። ከ200 ሚሊዮን በላይ ሕዝብ ያላት ኢንዶኔዥያና ያኔ ከ2 ሚሊዮን ብዙም ያላለፈችው ኩዌት ተቀራራቢ ድምፅ አገኙ ማለት ነው። በዚህ ላይ በኩዌትና በሳዑዲ ከመላሾቹ መካከል ዜጋ ያልሆኑ ነዋሪዎች ነበሩበት። የአሜሪካ የሕዝብ አስተያየት ጥናቶች ብሔራዊ ምክር ቤት አቀራረቡን በይፋ ነቀፈ፤ ልክም ነበር። ሆኖም ነቀፌታው የሚመለከተው ድምሩን ነው። መጠይቅ ይዞ ቤት ለቤት የዞረው ሰው የሠራው፣ አገር በአገር ተለይቶ ሲነበብ፣ ዛሬም ዋጋ አለው።

በ2005 ጋለፕ «ወርልድ ፖል» የተባለውን ቋሚ ዓለም አቀፍ ጥናት ጀመረ። በየአገሩ 15 ዓመትና ከዚያ በላይ የሆናቸው 1,000 ያህል ሰዎች ይጠየቃሉ። ስልክ በስፋት ባልተዳረሰበት አገር ቃለ መጠይቁ ፊት ለፊት ሲሆን አንድ ሰዓት ገደማ ይፈጃል። መጀመሪያ አገሩ በአካባቢና በከተማ-ገጠር ይከፈላል፤ ቀጥሎ ከቆጠራ ዝርዝር ውስጥ መቶና ከዚያ በላይ ቦታዎች በዕጣ ይወጣሉ፤ በእያንዳንዱ ቦታ ከ8 እስከ 10 ሰው ይጠየቃል። ጠያቂው ከተሰጠው መነሻ ተነሥቶ በተወሰነለት አቅጣጫ ቤቶችን እየቆጠረ ይሄዳል እንጂ ደስ ያለውን በር አያንኳኳም። ቤት ከገባም ማንን እንደሚያናግር ራሱ አይመርጥም፤ የቤቱን አዋቂዎች መዝግቦ «የኪሽ ሠንጠረዥ» የሚባለው የመምረጫ ሰሌዳ የሚያወጣለትን ሰው ይጠይቃል። ያ ሰው ከሌለ በሌላ ቀንና ሰዓት ተመልሶ ይሞክራል፤ ቢያንስ ሦስት ጊዜ ሳይሞክር በሌላ ቤት መተካት አይፈቀድለትም።

ሥራው የሚበላሸውም እዚሁ ላይ ነው። የደከመው ጠያቂ በር የከፈተለትን ሰው ከጠየቀ ናሙናው ቀን ቤት በሚውሉት፣ በአረጋውያንና በሥራ አጦች ይሞላል። ተቆጣጣሪዎች ከተጠየቁት ቤቶች የተወሰኑትን መልሰው የሚጎበኙት ለዚህ ነው። ባህሉ በሚጠይቅበት ቦታ ሴትን የምትጠይቀው ሴት ናት። ይህም ሆኖ ባል ወይም አማት አጠገብ ከተቀመጡ ስለ ፍቺና ስለ ሥራ የሚሰጠው መልስ ይለዘባል። በአንዳንድ አገሮች ደግሞ መንግሥትን የሚነኩ ጥያቄዎች ከመጠይቁ ይወጣሉ፤ ስለዚህ ሁሉም ጥያቄ በሁሉም አገር ተጠይቋል ብሎ ማሰብ አይገባም። ለ1,000 ሰው ናሙና በመማሪያ መጻሕፍት ያለው የስሕተት ህዳግ (የናሙናው ውጤት ከሕዝቡ እውነተኛ አስተያየት ሊርቅ የሚችልበት ልክ) ሲደመር ሲቀነስ 3 በመቶ ገደማ ነው። ጎረቤታሞች ስለሚመሳሰሉ ግን በቦታ ተሰባስቦ የተወሰደ ናሙና ህዳጉን ወደ 4 ሊያደርሰው ይችላል።

መጽሐፉ ከ2001 እስከ 2007 ከ35 በላይ አገሮች የተሰበሰቡ ከ50,000 የሚበልጡ ቃለ መጠይቆችን መሠረት ያደረገ ነው። በፊልሙም ዋና የሆነው ጥያቄ የሴፕቴምበር 11 ጥቃት ተገቢ ነበር ወይስ አልነበረም የሚለው ነው። መልሱ ከ1 እስከ 5 ባለው መስፈርት ይሰጣል፤ 5 «ሙሉ በሙሉ ተገቢ» ማለት ነው። 5 ያሉና ለአሜሪካ በጎ አመለካከት የሌላቸው 7 በመቶ «በፖለቲካ አክራሪ» ተባሉ፤ የተቀሩት 93 በመቶ «ለዘብተኛ»። በ2008 የመካከለኛው ምሥራቅ ፖሊሲ ተመራማሪው ሮበርት ሳትሎፍ 4 ያሉት 6.5 በመቶ፣ 3 ያሉት ደግሞ 23.1 በመቶ ሆነው ሳለ ሁሉም ለዘብተኛ መባላቸውን አጥብቀው ተቹ። መቁረጫውን 5 ላይ ማድረግ በራሱ ነውር አይደለም፤ ግልጽ አቋም ያለውን ሰው ከሚያመነታው ይለያል። ነገር ግን አምስቱም ረድፎች ለአንባቢው መታየት ነበረባቸው፤ 93 የሚለው ቁጥር ብቻውን ከሚገባው በላይ ያረጋጋል።

ሌላው መጠንቀቅ ያለብን ነገር የናሙናው መጠን ነው። ከ1,000 ሰው 7 በመቶ 70 ሰው ነው፤ በ70 ሰው ላይ ህዳጉ ወደ 12 በመቶ ይደርሳል። ስለዚህ አክራሪዎቹ በትምህርት ከለዘብተኞቹ ይበልጣሉ (67 በመቶ ለ52፣ ሁለተኛ ደረጃና ከዚያ በላይ) የሚለው ውጤት የሚቆመው ብዙ አገሮች ሲደመሩ ብቻ ነው፤ ሲደመሩ ደግሞ የ2002ቱ የሚዛን ጥያቄ ይመለሳል። ጥናቱ ያለ ጥርጥር ያበረከተው ምክንያቶቹን ነው። በኢንዶኔዥያ ጥቃቱን ከደገፉት አንድም ሰው ቁርኣንን አልጠቀሰም፤ የጠቀሱት ፖለቲካን ነው። ሃይማኖትን ምክንያት ያደረጉት ያወገዙት ናቸው፤ አንድን ነፍስ ማጥፋት የሰውን ዘር ሁሉ እንደማጥፋት ነው በማለት። አሜሪካውያን በበኩላቸው ከሙስሊሙ ዓለም ምን እንደሚያደንቁ ሲጠየቁ በብዛት የሰጡት መልስ «ምንም» የሚል ነበር፤ ቀጥሎ «አላውቅም»።

ፊልሙ ይህን ሁሉ በሦስት ርእሶች (ሴቶች፣ ሽብር፣ ዴሞክራሲ) አሳጥሮ ያቀርባል፤ ሞጋሄድና ኤስፖዚቶም ቀርበው ያብራራሉ። የስሕተት ህዳግና የመስፈርቱ ረድፎች በስክሪን ላይ ቦታ እንዲያገኙ መጠበቅ ይከብዳል። ዩኒቲ ፕሮዳክሽንስ ፊልሞቹን «20,000 ዳያሎግስ» በተባለ ፕሮግራም ለቡድን ውይይት አሠራጭቷል፤ ለውይይት መሪ የሚበጀው መጽሐፉን አጠገቡ ማድረግ ነው።

በኋላ የመጣው የፒው የምርምር ማዕከል ጥናት በ39 አገሮች፣ ከ80 በላይ ቋንቋዎች ከ38,000 በላይ ሙስሊሞችን ጠይቆ በ2012 እና በ2013 ወጣ፤ ኢትዮጵያም ነበረችበት። ፒው ውጤቱን አገር በአገር ያትማል፣ ለየአካባቢው ደግሞ መካከለኛውን አገር ውጤት ይወስዳል። በዚህ አሠራርም ትንሿና ትልቋ አገር አሁንም እኩል ይቆጠራሉ፤ ልዩነቱ ዝርዝሩ ከጎኑ መታተሙ ነው።