ክፍት ጆሮ ምንድን ነው? ወላጅ ከልጁ ስለ ሙዚቃና ስለ መቻቻል የሚማረው

ክፍት ጆሮ ማለት አንድ ሰው ያልለመደውን ሙዚቃ ሲሰማ ፊቱን ሳያጠቁር፣ «ይሄ ደግሞ ምንድን ነው!» ብሎ ሳያጠፋው፣ እስኪያልቅ ድረስ ለማዳመጥ ዝግጁ መሆኑ ነው። ስያሜውን ያወጣው እንግሊዛዊው የሥነ ልቦና ተመራማሪ ዴቪድ ሃርግሪቭስ ነው። እ.ኤ.አ. በ1982 ልጆች ለተለያየ ሙዚቃ የሚሰጡትን ምላሽ ሲያጠና፣ አዋቂዎች እንግዳ ለሚሉት ድምፅ የትንንሾቹ ጆሮ ይበልጥ ክፍት እንደሆነ ጠቆመ። ከዘጠኝ ዓመት በኋላ አሜሪካዊው የሙዚቃ ትምህርት ተመራማሪ አልበርት ለብላንክ ሐሳቡን አሰፋው። በእሱ መላምት ጆሮ በልጅነት ክፍት ነው፤ ጉርምስና ሲመጣ ይጠባል፤ ሰው በወጣትነቱ ሲበስል በመጠኑ መልሶ ይከፈታል፤ በእርጅና ዳግመኛ ይጠባል። ጀርመን ውስጥ በአንደኛ ደረጃ ተማሪዎች ላይ የተሠሩ ጥናቶች ደግሞ መጥበቡ ጉርምስናን እንደማይጠብቅ፣ ገና በመጀመሪያዎቹ የትምህርት ዓመታት እንደሚጀምር አሳይተዋል።

እኛ አገር «ልጅ ያቦካው ለራት አይበቃም» ይባላል። ወላጅ ያስተምራል፣ ልጅ ይማራል፤ በአብዛኛው ነገር ትክክል ነው። ያልለመዱትን ድምፅ በመስማት ጉዳይ ግን መምህሩ ልጁ ነው ብዬ አምናለሁ። ይህን የምለው ልጆች ከእኛ የተሻለ ልብ አላቸው ለማለት አይደለም። እኛ ያጣነውን ችሎታ እነሱ ገና ስላላጡት ነው።

ይህ ችሎታ እንዴት እንደሚጠፋ በግልጽ ያሳየው ኤሪን ሃነንና ሳንድራ ትረሃብ እ.ኤ.አ. በ2005 ያሳተሙት ሥራ ነው። በመቄዶንያና በቡልጋርያ የሕዝብ ዘፈኖች ውስጥ ሁለት፣ ሁለት፣ ሦስት እየተባለ ሰባት የሚሞላ ምት የተለመደ ነው። ተመራማሪዎቹ እንዲህ ያለ ዜማ እያሰሙ ምቱ እንዲሰበር ያደርጋሉ። የሰሜን አሜሪካ አዋቂዎች መሰበሩን አይለዩትም። ቤተሰባቸው ከዚያ አካባቢ የመጣ አዋቂዎች ይለዩታል። የሚገርመው ነገር የስድስት ወር ሕፃናት ናቸው፤ ያንን ሙዚቃ ሰምተው የማያውቁ የሰሜን አሜሪካ ሕፃናት መሰበሩን ለይተውታል። አንድ ዓመት ሲሞላቸው ግን ልክ እንደ ወላጆቻቸው ሆነው ተገኙ። በስድስት ወር ውስጥ ጆሯቸው የቤታቸውን ምት አጥብቆ ያዘ፣ የሌላውን ለቀቀ ማለት ነው። ሆኖም የአንድ ዓመቶቹን ለሁለት ሳምንት ያህል ያንን ሙዚቃ በየቤታቸው ሲያሰሟቸው ችሎታው ተመለሰ። ለአዋቂዎቹ ተመሳሳይ ጊዜ አልበቃቸውም።

እኛ ዘንድ ይህን በየሠርጉ ማየት ይቻላል። የትግርኛ ጓይላ ከበሮ ብዙ ጊዜ አምስት አምስት እየተቆጠረ ይሄዳል። ሦስት ሦስት በሚቆጠር የእስክስታ ምት ያደገ አዋቂ ጓይላው መሃል ሲገባ ጭብጨባው አንዴ ይቀድማል፣ አንዴ ይዘገያል፤ ጥቂት ታግሎ ወደ ወንበሩ ይመለሳል። ልጆቹ ግን ከክቡ ጅራት ይቀጠሉና ከፊታቸው ያለችውን ሴት እግር እያዩ ይከተላሉ። ብዙም ሳይቆዩ ትከሻቸውም እግራቸውም ከከበሮው ጋር ይገጥማል። ማንም አልቆጠረላቸውም፤ «የማን ዘፈን ነው?» ብለውም አልጠየቁም።

ወላጆች «ይሄ ሙዚቃ አይደለም፣ ጩኸት ነው፤ ጆሮ ያደነቁራል» ሲሉ ብዙ ጊዜ ከልባቸው ነው፤ በእርግጥም ያማቸዋል። ነገር ግን ጆሮን የሚያስደስተውና የሚያውከው የድምፅ ቅንብር እንኳ በአብዛኛው ከልምድ የመጣ ነው። ጆሽ ማክደርሞትና ባልደረቦቹ እ.ኤ.አ. በ2016 ያሳተሙት ጥናት በቦሊቪያ አማዞን የሚኖሩትን የጺማኔ ሕዝቦች ይመለከታል። የምዕራቡ ዓለም ሰው «የተስማማ» እና «የተጋጨ» ብሎ የሚለያቸውን የድምፅ ጥምረቶች ሲያሰሟቸው ሁለቱንም እኩል አስደሳች አሏቸው። ራቅ ሳንል የራሳችንን አንቺሆዬ ቅኝት እንውሰድ። ሁለት ቦታ ላይ እጅግ የተጠጋጉ ድምፆች አሉት። ለእኛ የሠርግ ቤት ድምቀት ነው፤ ለብዙ የውጭ አገር ሰው ግን መጀመሪያ ሲሰማው ያልተቃኘ መሣሪያ ይመስለዋል። የእኛ ቅኝት ለእሱ እንግዳ ከሆነበት፣ የልጃችን ራፕ ወይም የኮሪያ ዘፈን ለእኛ እንግዳ የሚሆንበትም መንገድ ያው ነው።

ታዲያ ከሙዚቃ ወደ መቻቻል የሚያደርሰው ምንድን ነው? ዘፈን ድምፅ ብቻ ስላልሆነ ነው፤ የሰው ምልክት ነው። ሳሙኤል ሜር፣ ሊ አን ሶንግና ኤልዛቤት ስፔልኪ እ.ኤ.አ. በ2016 ያሳተሙትን ጥናት ማንም ወላጅ ቢያውቀው እወዳለሁ። የአምስት ወር ሕፃናት ወላጆች አንድ አዲስ ዜማ ተምረው በቤታቸው ለልጃቸው ሲዘፍኑ ሰነበቱ። ከዚያ ሕፃኑ ሁለት የማያውቃቸውን ሰዎች በስክሪን ያያል፤ አንዷ ያንን ዜማ፣ ሌላዋ ሌላ ዜማ ትዘፍናለች። ሕፃናቱ ዓይናቸውን ይበልጥ የሚያሳርፉት የቤታቸውን ዜማ በዘፈነችው ላይ ነው። ዜማውን የለመዱት ከአሻንጉሊት ሲሆን ግን ይህ ማዳላት አልታየም። ሕፃኑ «የኛ ሰው» የሚለውን የሚለየው ከወላጁ አፍ በሰማው ዘፈን ነው ማለት ነው። ጋዬ ሶሌይና ስፔልኪ ያጠኗቸው የአራትና የአምስት ዓመት ልጆችም ጓደኛ ምረጡ ሲባሉ እነሱ የሚያውቁትን ዘፈን የሚያውቀውን ልጅ መርጠዋል።

ይህ ነገር ሁለት ስለት አለው። ልጅ በተፈጥሮው ጆሮው ክፍት ቢሆንም፣ የወገንና የባዳ ድንበር የት ጋ እንደሚያልፍ የሚያሳየው ወላጁ ነው። እናት ሳህን እያጠበች የጎረቤቷን ቋንቋ ዘፈን ብታንጎራጉር ድንበሩ ይሰፋል። አባት ሬዲዮ ላይ የሆነ ቋንቋ በሰማ ቁጥር ጣቢያ ቢቀይር፣ አንድ ቃል ሳይናገር፣ ድንበሩ ይጠባል። ልጅ ያንን ጣት ያያል።

ባለፉት ዓመታት አገራችን ባሳለፈችው መከራ ምክንያት ዘፈን በቋንቋው ብቻ የሚፈረድበት ቤት እንዳለ ሁላችንም እናውቃለን። ይህ በጣም ያሳስበኛል። ወንድሜ አዲስ አበባ ውስጥ ኮንዶሚኒየም ነው የሚኖረው። የልጁ ልደት ቀን ሳሎኑ በልጆች ሞልቶ ነበር። የወንድሜ ልጅ ስልኩን ከእናቷ ተቀብላ አንድ የአፋን ኦሮሞ ዘፈን ከፈተችና ከጓደኞቿ ጋር ትከሻ ለትከሻ ገጥማ መዝለል ጀመረች። ወንድሜ ከወንበሩ ሳይነሳ፣

«ይሄን ቀይሪው» አላት።

«ለምን አባዬ? ደስ ይላል እኮ!»

«ምን እንደሚል ታውቂዋለሽ?»

«አላውቅም። ታች ያለችው ጓደኛዬ ናት ያስተማረችኝ። እማማዋን ጠይቃቸው!»

የጓደኛዋ እናት እዚያው ቁጭ ብለው ቡና ይጠጡ ነበር። ሳሎኑ ለአፍታ ዝም አለ። ሴትየዋ ፈገግ ብለው «ስለ ፈረስ ነው የሚዘፍነው፤ ፈረሱን ነው የሚያሞግሰው» አሉ። ወንድሜ ተወልዶ ያደገው ኢንጅባራ ነው፤ የአገው ፈረሰኞች በየዓመቱ በዓላቸውን በሚያደምቁበት አገር። ስለ ፈረስ ተወርቶ ዝም ማለት አይችልም። «ምን ዓይነት ፈረስ? ዳማ ነው ቦራ?» ብሎ ጠየቀ፤ እሳቸውም መስመር በመስመር ይተረጉሙለት ጀመር፤ ልጆቹ ዘፈኑን መልሰው መላልሰው ከፈቱት። ወንድሜ ዛሬም ያንን ዘፈን ራሱ ከፍቶ አይሰማም። ልጁ ስትከፍተው ግን «ቀይሪው» ማለቱን ትቷል፤ የታች ቤቷን ጎረቤቱንም በስማቸው ጠርቶ ሰላም ይላል።

ልጅቷ ያደረገችውን ልብ በሉት። ትርጉሙን ሳታውቅ ሰማች፤ ከሰው ጋር ሰማች፤ እየዘለለች ሰማች። ሦስተኛው ከሁሉም ይበልጥ ያስገርመኛል፤ አብሮ መንቀሳቀስ ሰውን ከሰው እንደሚያቀራርብ በጥናት ታይቷልና። በጀርመን ላይፕዚግ ከተማ ሰባስቲያን ኪርሽነርና ማይክል ቶማሴሎ እ.ኤ.አ. በ2010 ያሳተሙት ሙከራ እንዲህ ነበር። የአራት ዓመት ልጆች ሁለት ሁለት ሆነው በማስመሰያ ኩሬ ዙሪያ ከእንጨት እንቁራሪቶች ጋር ይጫወታሉ። ግማሾቹ እየዘፈኑና የእንጨት እንቁራሪቱን በምት እየመቱ ነው፤ ግማሾቹ ያንኑ ጨዋታ ያለ ሙዚቃ ይጫወታሉ። ከዚያ ብይ እየያዙ ሲሄዱ የአንዱ ልጅ ብይ ሆን ተብሎ እንዲበተን ይደረጋል። አብረው የዘፈኑት ልጆች ብይ የተበተነበትን ጓደኛቸውን ለመርዳት ይበልጥ ዝግጁ ሆነው ተገኙ። ካናዳ ውስጥ ደግሞ ሎራ ሲሬሊና ባልደረቦቿ የ14 ወር ሕፃናትን ታቅፈው በሙዚቃ ሲያዘልሏቸው፣ ሕፃናቱ ከእነሱ ጋር በአንድ ምት ለዘለለችው ሴት የወደቀባትን ዕቃ አንስተው የመስጠት ዝንባሌያቸው ከፍ ብሎ ታየ። የልጆች መቻቻል በንግግር አይጀምርም። በጉልበትና በትከሻ ይጀምራል።

ትምህርት ቤትም ይህን ሊጠቀምበት ይችላል። ፖርቱጋል ውስጥ ፌሊክስ ኔቶና ባልደረቦቹ በሙዚቃ ክፍለ ጊዜ ከፖርቱጋል ዘፈኖች ጎን የምዕራብ አፍሪካዊቷን ደሴታማ አገር የኬፕ ቨርዴን ዘፈኖች እንዲማሩ ያደረጓቸው ተማሪዎች፣ ጥቁር ቆዳ ስላላቸው ሰዎች የነበራቸው የተዛባ አመለካከት በተለመደው መንገድ ከተማሩት ይልቅ ቀንሶ ተገኝቷል። እስራኤል ውስጥ ደግሞ ኢዳን ራይኸል ታዋቂ ሙዚቀኛ ከመሆኑ በፊት ስደተኛ ወጣቶች በሚማሩበት አዳሪ ትምህርት ቤት ይሠራ ነበር። የኢትዮጵያን ሙዚቃ ያወቀው ከእነዚያ የቤተ እስራኤል ታዳጊዎች ነው። እ.ኤ.አ. በ2002 የወጣው የመጀመሪያ አልበሙ አማርኛን በመላው እስራኤል ሬዲዮ አሰማ። ልጆቹን ሊመራ የተቀጠረው ሰው ከልጆቹ ሰማ።

እዚህ ላይ አንድ ነገር መለየት አለበት። ክፍት ጆሮ ማለት ሁሉን መውደድ አይደለም፤ ልጅ የሰማውን ሁሉ ማጽደቅም አይደለም። ሴትን የሚያዋርድ፣ በዘር የሚሳደብ፣ ግድያን የሚያሞግስ ግጥም በየትኛውም ቋንቋ ቢመጣ ወላጅ «ይሄ ልክ አይደለም» የማለት ግዴታ አለበት፤ በራሱ ቋንቋ ሲመጣ ደግሞ ከሁሉ አስቀድሞ። ብዙዎቻችን ግን የምንቆጣው ግጥሙን ሰምተን አይደለም። ከበሮው፣ ቋንቋው ወይም የዘፋኙ ፀጉር ነው የሚያስቆጣን። ይህን ልጆች ወዲያው ይለዩታል። አንድ ጊዜ ከለዩት በኋላ ስለ ግጥሙ የምንነግራቸውን እውነተኛ ምክርም አይሰሙንም።

ጎረምሳ ያለበት ቤት ነገሩ ይለያል። በዚያ ዕድሜ ሙዚቃ ባጅ ነው፤ «እኔ እነማን ዘንድ እንደምመደብ እወቁልኝ» ማለት ነው። የ15 ዓመት ልጅ ዘፈኑን ስታጣጥሉበት እሱን ራሱን ያጣጣላችሁት ይመስለዋል። እሱም በተራው የእናንተን የድሮ ዘፈን ቢያጣጥል አትደነቁ፤ በዚህ ዕድሜ የእሱም ጆሮ ጠቧል። በዋሽንግተንም ሆነ በስቶክሆልም የሚኖሩ ወላጆች ይህ ይበልጥ ይከብዳቸዋል፤ ልጁ የሚሰማው ሙዚቃ በሚኖርበት አገር ያሉ እኩዮቹ ቋንቋ ነው፣ የእነሱ ደግሞ ትተውት የመጡት ቤት።

አዋቂ ጆሮ በሁለት ሳምንት ባይከፈትም ጨርሶ አይዘጋም። የሥነ ልቦና ተመራማሪው ሮበርት ዛዮንክ እ.ኤ.አ. በ1968 እንዳሳየው ሰው ደጋግሞ ያገኘውን ነገር ወደ መውደድ ያዘነብላል። ስለዚህ ሥራው ጊዜ መስጠት ነው። መኪና ውስጥ አንድ ዘፈን ልጁ፣ አንድ ዘፈን ወላጁ ይምረጥ፤ ማንም የሌላውን አያቋርጥ። ዘፈኑ ለመጀመሪያ ጊዜ ሲሰማ አስተያየት አይሰጥ። ሲደጋገም ልጁ ከበሮው የት ጋ እንደሚገባ በእጁ እየመታ ያሳይ፣ ወላጅም አብሮት ይምታ። ልጁ የሚወደው ዘፈን በማይታወቅ ቋንቋ ከሆነ ደግሞ ቋንቋውን የሚያውቅ ጎረቤት ወይም የሥራ ባልደረባ አይጠፋም፤ ሄዶ «እስቲ ይሄ ምን ይላል?» ብሎ መጠየቅ ነው።