ኡምቤርቶ ኤኮን አንባቢዎቻቸው የሚያስታውሷቸው እንዴት ነው?

ጣሊያናዊው ደራሲ ኡምቤርቶ ኤኮ ያረፉት ፌብሩዋሪ 19 ቀን 2016 ማታ፣ ሚላኖ በሚገኘው ቤታቸው ነው። ዕድሜያቸው 84 ነበር፤ የቆሽት ካንሰር ታመው ነበር። (እዚህ የምጠቅሳቸው ዓመታት በሙሉ በፈረንጆች አቆጣጠር ናቸው።) ከአራት ቀን በኋላ ሽኝታቸው ከቤታቸው ፊት ለፊት ባለው የስፎርዛ ግንብ ግቢ ውስጥ ተደረገ። በወጣትነታቸው በካቶሊክ ወጣቶች ማኅበር ውስጥ ንቁ ተሳታፊ ነበሩ፤ በኋላ ግን ከእምነቱ ርቀዋል። ስለዚህ ጸሎተ ፍትሐት አልነበረም። ሚኒስትሮች ተናገሩ፣ የልጅነት ጓደኛ ተናገረ፣ የልጅ ልጃቸውም አያቱን አመሰገነ። ስማቸውን ከመጽሐፍ ሽፋን ብቻ የሚያውቁ አንባቢዎችም መጥተው ነበር።

ኑዛዜያቸው ውስጥ አንድ ያልተለመደ ነገር ተገኘ። ከሞቱ በኋላ ለ10 ዓመት በእሳቸው ዙሪያ ጉባኤም ሆነ ሴሚናር እንዳይዘጋጅ፣ ቤተሰባቸውም እንዳይፈቅድ ጠይቀዋል። ጊዜው ያበቃው ፌብሩዋሪ 2026 ላይ ነው። ኤኮ ራሳቸው ዕድሜ ልካቸውን ዩኒቨርሲቲ ውስጥ የኖሩ ሰው ናቸው። ቦሎኛ ላይ ሴሚዮቲክስ፣ ማለትም የምልክትና የትርጉም ጥናት፣ ሲያስተምሩ ኖረዋል። ታዋቂ ሰው በሞተ ማግስት የሚጠራው ጉባኤ ምን እንደሚመስል ጠንቅቀው ያውቁ ነበር። ጥያቄያቸው ምሁራኑን ለአሥር ዓመት ዝም አሰኘ። አንባቢውን ግን የከለከለው የለም። እኔ እንደሚመስለኝ የፈለጉትም ይህንኑ ነው።

ምክንያቱም ከአንባቢ ጋር የነበራቸው ጉዳይ የቆየ ነው። ገና በ1962 «ክፍት ሥራ» በሚል ርዕስ ባሳተሙት መጽሐፍ፣ የጥበብ ሥራን የሚጨርሰው ተቀባዩ ነው ብለው ተከራክረዋል። በኋላም ጽሑፍን «ሰነፍ ማሽን» አሉት። ራሱ አይሠራም፤ ከሥራው ግማሹን አንባቢው ላይ ይጥላል። አልፈው ተርፈውም ደራሲ ጽፎ ሲጨርስ ቢሞት ይሻላል፣ የጽሑፉን መንገድ አይዘጋም ብለው ጽፈዋል። ይህን ያሉት የልቦለድ ዝናቸው ጣሪያ በነካበት ሰሞን ነው።

ያ ዝና የመጣው በ«የጽጌረዳዋ ስም» ነው። ኤኮ በ48 ዓመታቸው፣ በ1980 ያሳተሙት የመጀመሪያ ልቦለድ ነው። ታሪኩ በ1327 ሰሜን ጣሊያን ውስጥ ባለ ገዳም የሚፈጸም ተከታታይ ግድያ ነው። በማግስቱ ዓመት ስትሬጋ የተባለውን የጣሊያን የሥነ ጽሑፍ ሽልማት አገኘ፣ በበርካታ ቋንቋዎች ተተረጎመ፣ በአሥር ሚሊዮኖች ተሸጠ። በ1986 ሾን ኮኔሪ የተወነበት ፊልም ወጣለት። መጽሐፉን ያነበበ ሰው ሁሉ ግን የሚያነሳው ስለ መጀመሪያዎቹ መቶ ገጾች ነው። ከባድ ናቸው። የላቲን ጥቅስ፣ የመናፍቃን ታሪክ፣ የጳጳሱና የንጉሠ ነገሥቱ ጠብ ሞልቷቸዋል። አሳታሚዎችና ወዳጆች አሳጥራቸው ብለው ቢለምኗቸውም እምቢ አሉ። ገዳሙ ውስጥ ሰባት ቀን ሊያድር የሚፈልግ ሰው የገዳሙን አካሄድ መቀበል አለበት፣ ካልቻለ ከተራራው ግርጌ ይቅር የሚል ነበር መልሳቸው። እዚያ ላይ ያቋረጠ ብዙ ነው። ገፍቶ የዘለቀ ግን መጽሐፉን እንደ ግል ንብረቱ ነው የሚያወራው።

አንዳንዱ አንባቢ በእግሩ ነው የሚያስታውሳቸው። ከቶሪኖ በስተምዕራብ፣ የሱዛ ሸለቆን ቁልቁል በሚያይ ተራራ ላይ፣ ሳክራ ዲ ሳን ሚኬሌ የሚባል ጥንታዊ ገዳም አለ። ለልቦለዱ መነሻ ከሆኑት ቦታዎች አንዱ መሆኑ ስለሚነገር፣ መጽሐፉን አንብበው የሚወጡት ብዙ ናቸው። ፊልሙ የተቀረጸው ግን እዚያ አይደለም። ፓሪስ ደግሞ የጥበባትና ዕደ ጥበባት ሙዚየም አለ። የ1988ቱ «የፉኮ ፔንዱለም» ሲጀምር ተራኪው ተደብቆ ለማደር የሚሞክረው እዚያ ነው። የምድርን መሽከርከር የሚያሳየው ፔንዱለም ዛሬም እዚያ ይታያል።

ከሁሉ የሚበልጠው መታሰቢያ ግን ቤተ መጻሕፍታቸው ነው። ሚላኖ ባለው አፓርታማቸው ብቻ 30,000 ገደማ መጻሕፍት ነበሩ። እንግዳ ገብቶ «ይህን ሁሉ አንብበውታል?» ብሎ ሲጠይቃቸው፣ እነዚህ እስከ ወር መጨረሻ የማነባቸው ናቸው፣ ሌሎቹ ቢሮ ናቸው ብለው የሚመልሱትን ቀልድ ጽፈውታል። ከቀልዱ ጀርባ ቁም ነገር አለ። ለኤኮ ያልተነበበ መጽሐፍ ያልታወቀውን ነገር ስለሚያሳይ ካነበቡት የማይተናነስ ዋጋ ነበረው።

ከእነዚህ መካከል 1,200 ያህል ብርቅዬ ጥንታዊ መጻሕፍት ነበሩ። የሰበሰቧቸው በአንድ መመሪያ ነው፤ ስለ ሐሰት፣ ስለ ስህተት፣ ስለ አስማትና ስለ ምናባዊ ቋንቋ የተጻፉትን ነው። ፀሐይ በምድር ዙሪያ ትዞራለች ያለው የበጥሊሞስ መጽሐፍ ነበራቸው፤ የጋሊሊዮ አልነበራቸውም፤ ጋሊሊዮ እውነቱን ተናግሯላ! ሰው እንዴት እንደሚሳሳትና እንዴት እንደሚዋሽ ማወቅ ለእሳቸው የእውቀት ግማሽ ነበር። ጥንታዊው ስብስብ ወደ ሚላኖው ብራይደንሴ ብሔራዊ ቤተ መጻሕፍት ገባ። ዘመናዊዎቹ መጻሕፍት ለቦሎኛ ዩኒቨርሲቲ ለ90 ዓመት በውሰት ተሰጡ። የመጻሕፍቱ አደራደር ቤት እንደነበረው እንዲጠበቅ መታሰቡ በጣም ያስደስታል። አንድ ሰው የትኛውን መጽሐፍ ከየትኛው ጎን እንዳስቀመጠ ራሱ የአስተሳሰቡ ካርታ ነውና። በ2022 ዳቪዴ ፌራሪዮ ስለዚህ ቤተ መጻሕፍት ዘጋቢ ፊልም ሠርቷል።

ልቦለዳቸውን ያልነካ ጣሊያናዊም በዓምዳቸው ያውቃቸዋል። «ሌስፕሬሶ» መጽሔት ላይ ከ1985 ጀምሮ ይጽፉት ነበር። «ላ ቡስቲና ዲ ሚኔርቫ» የሚለውን ስም የሰጡት ማስታወሻ በሚጭሩበት፣ «ሚኔርቫ» በሚባለው የክብሪት ማሸጊያ ነው። ከዚህ ዓምድ የተመረጡ ጽሑፎች የያዘው መጽሐፍ ከሞቱ ሳምንት ገደማ በኋላ ገበያ ላይ ዋለ። ያሳተመው ኤኮ ራሳቸው ከወዳጆቻቸው ጋር በ2015 ያቋቋሙት «ላ ናቬ ዲ ቴዜዎ» የተባለ ማተሚያ ቤት ነው። በ83 ዓመት አዲስ ማተሚያ ቤት መክፈት ቀላል ድፍረት አይደለም።

ከሞቱ ወዲህ ከጽሑፎቻቸው ሁሉ እጅ በእጅ የሚዞረው በ1995 ኮሎምቢያ ዩኒቨርሲቲ ያቀረቡት ንግግር ነው። የፋሺዝምን 14 ምልክቶች ይዘረዝራል። ኤኮ የተወለዱት በ1932 አሌሳንድሪያ ውስጥ ነው። ሙሶሊኒ ኢትዮጵያን ሲወር ገና ሦስት ዓመታቸው ነበር፤ ትምህርት ቤት የገቡትም በዚያው ሥርዓት ነው። በንግግሩ ውስጥ በአሥር ዓመታቸው ለሙሶሊኒ ክብር መሞት ይገባል ወይ በሚል ርዕስ ጽፈው አንደኛ እንደወጡ ይናገራሉ። መልሳቸው «አዎ» ነበር። ፋሺዝም ከውስጥ፣ በልጅ ዓይን ምን እንደሚመስል ስለሚያሳይ እኛም ልናነበው የሚገባ ይመስለኛል።

ከኤኮ የቱን ልጀምር ለሚለኝ የአማርኛ አንባቢ ግን መልሴ የ2000ው «ባውዶሊኖ» ነው። ስሙ የተወለዱባት ከተማ ጠባቂ ቅዱስ ስም ነው። ባለታሪኩ የአሌሳንድሪያ ገበሬ ልጅ ነው፤ ውሸት ይችልበታል። በ12ኛው መቶ ዘመን አውሮፓን ያወዛገበውን፣ በሩቅ ምሥራቅ አለ ይባል የነበረውን ክርስቲያን ገዢ የካህኑ ንጉሥ ዮሐንስን ደብዳቤ ከጓደኞቹ ጋር ይፈጥራል፣ ከዚያ የራሱን ፈጠራ አምኖ ፍለጋ ይወጣል። ደብዳቤው በታሪክ የነበረ፣ ማን እንደጻፈው ግን ያልታወቀ ነው። የዚያ ንጉሥ ፍለጋ ከጊዜ በኋላ ወደ እኛ ዞረ። የፖርቱጋል መልእክተኞች በ1520 አፄ ልብነ ድንግል ዘንድ ሲመጡ ያገኙት የሚመስላቸው ካህኑን ዮሐንስን ነበር። አብሯቸው የነበረው ቄስ ፍራንሲስኮ አልቫሬዝ ስለ ኢትዮጵያ የጻፈው መጽሐፍም በ1540 የታተመው በዚያው ንጉሥ ስም ነው። ባውዶሊኖ ግን የሚጓዘው ወደ ምሥራቅ ነው፤ መንግሥቱንም አያገኘውም። ታሪኩ በኋላ የት እንደደረሰ የምናውቅ እኛ ስናነበው፣ ኤኮ ያልጻፉት አንድ ምዕራፍ በእጃችን አለ።