የመገናኛ ብዙኃን ተጽዕኖ በሕፃናት ጤና ላይ እና የሕፃናት ሐኪም ድርሻ፦ ዳሰሳ ከጎንደር

የመገናኛ ብዙኃን ተጽዕኖ በሕፃናት ጤና ላይ ሲባል ቴሌቪዥን፣ ሬዲዮ፣ የእጅ ስልክ፣ የቪዲዮ ጌምና ማኅበራዊ ሚዲያ በልጆች እንቅልፍ፣ ንግግር፣ አመጋገብ፣ ዕይታ፣ ጠባይና አእምሮ ላይ የሚያመጡትን በጎም ሆነ ክፉ ለውጥ ሁሉ ያጠቃልላል። በጉዳዩ ላይ በአማርኛ የተሰናዳ ማጣቀሻ እምብዛም ስለማይገኝ፣ ይህ ዳሰሳ የተጠናቀረው ከዓለም አቀፍ መመሪያዎች፣ ከጎንደር የጤና ትምህርት ታሪክና በሕፃናት ተመላላሽ ክፍል በየዕለቱ ከሚታየው ነው።

ጎንደር ሐኪሙን ከምርመራ ክፍል አውጥቶ ወደ ቤተሰቡ ጓዳ የማድረስ የቆየ ልምድ ያላት ከተማ ናት። በ1945 ዓ.ም. የደንቢያን ሜዳ የመታው የወባ ወረርሽኝ 7,000 ያህል ሰው እንደ ፈጀ ይነገራል። ከዚያ ጥፋት በኋላ የኢትዮጵያ መንግሥት ከዓለም ጤና ድርጅት፣ ከዩኒሴፍና ከአሜሪካ መንግሥት በተገኘ ድጋፍ በ1947 ዓ.ም. የጎንደር የሕዝብ ጤና ኮሌጅና ማሠልጠኛ ማዕከልን አቋቋመ። የኮሌጁ ትልቁ ውርስ የቡድን ሥልጠናው ነው፤ ጤና መኮንኑ፣ የማኅበረሰብ ነርሷና ሳኒቴሪያኑ (የአካባቢ ንጽሕና ባለሙያው) አንድ ላይ ሆነው እንደ ቆላ ድባ ወዳሉ ጤና ጣቢያዎች ይወርዱና ውኃው ከየት እንደሚቀዳ፣ መጸዳጃው የት እንደ ተቆፈረ፣ ሕፃኑ ከማን ጋር እንደሚተኛ በዓይናቸው አይተው ይመዘግቡ ነበር። በሽታን ልጁ ከሚያድርበት ቤት ለይቶ አለማየት በዚህች ከተማ የቆየና እስከ ዛሬም የተማሪዎቿ መታወቂያ ሆኖ የቀረ ሥርዓት ነው ቢባል ማጋነን አይሆንም። እ.ኤ.አ. በ1978 በምሥራቅ ጀርመን ከነበረው የላይፕሲክ ካርል ማርክስ ዩኒቨርሲቲ ጋር በመተባበር የሐኪሞች ሥልጠና ተጀመረ፤ ተቋሙም በ1996 ዓ.ም. የጎንደር ዩኒቨርሲቲ ተባለ።

የመገናኛ ብዙኃን ወደ ልጆች ዓለም መግባት በአጭሩ ይነገራል። የኢትዮጵያ ቴሌቪዥን በ1957 ዓ.ም. ሲጀመር አባባ ተስፋዬ በመባል የሚታወቁት ተስፋዬ ሣህሉ ለልጆች ተረት ማቅረብ ጀመሩ፤ ይህንኑም ለ42 ዓመታት ቀጠሉ። በኋላ ዲሽ ተስፋፋ፣ በ2008 ዓ.ም. ደግሞ የውጭ ተከታታይ ድራማዎችን በአማርኛ የሚያቀርበው ቃና ቴሌቪዥን ሥርጭት ጀመረ። ከሁሉም በላይ ግን የልጁን ቀን የለወጠው የእናት የእጅ ስልክ ነው። በመጋቢት 2012 ዓ.ም. በኮሮና ምክንያት ትምህርት ቤቶች ሲዘጉ ሰኞ ማክሰኞና ብይ ሲጫወት የሚውለው ልጅ ቤት ዋለ፤ ስልኩም ሞግዚት ሆነ።

ዓለም አቀፍ መመሪያዎቹ በመሠረቱ ይስማማሉ። የአሜሪካ የሕፃናት ሐኪሞች አካዳሚ እ.ኤ.አ. በ1999 ሁለት ዓመት ያልሞላው ልጅ ቴሌቪዥን ባያይ ይመረጣል ብሎ ነበር። እ.ኤ.አ. በ2016 ምክሩን አሻሽሎ ከ18 ወር በታች ላሉት ከቪዲዮ ጥሪ በቀር ስክሪን እንዲቀር፣ ከ2 እስከ 5 ዓመት ላሉት ደግሞ በቀን ከ1 ሰዓት እንዳይበልጥና ወላጅ አብሮ እንዲያይ መከረ። የዓለም ጤና ድርጅት እ.ኤ.አ. በ2019 ያወጣው መመሪያ ከ2 እስከ 4 ዓመት ላሉት ያንኑ 1 ሰዓት ይፈቅዳል፤ ከዚያ ቢያንስ ይመረጣልም ይላል። የዚህ መመሪያ ትልቁ ብልኃት ስክሪኑን ለብቻው አለመክሰሱ ነው። የአንድና የሁለት ዓመት ልጅ በቀን ከ11 እስከ 14 ሰዓት ሊተኛ፣ ቢያንስ ለ180 ደቂቃ ሊንቀሳቀስ እንደሚገባው አብሮ ስለሚቆጥር፣ ስልኩ የወሰደው ሰዓት ከየትኛው ጉዳይ ላይ እንደ ተቀነሰ ሐኪሙ በቀላሉ ሊያሰላ ይችላል።

አካዳሚው እ.ኤ.አ. በ2013 ሐኪሞች በየጉብኝቱ ሁለት ጥያቄ እንዲጠይቁ መክሮ ነበር፦ ልጁ በቀን ስንት ሰዓት ለመዝናናት ስክሪን ያያል? በመኝታ ክፍሉስ ቴሌቪዥን ወይም ኢንተርኔት ያለው መሣሪያ አለ? ጥያቄዎቹ ጥሩ ናቸው፤ ነገር ግን እንዳሉ ወደ ጎንደር ቢመጡ ብዙ ያመልጣቸዋል። አራዳ አካባቢ አንድ ክፍል ተከራይቶ የሚኖር ቤተሰብ ለልጁ የተለየ መኝታ ክፍል የለውም፤ ቴሌቪዥኑ፣ አልጋው፣ ረከቦቱና ልጁ በአንድ ክፍል ናቸው። ስለዚህ መጠየቅ ያለበት ማታ ቴሌቪዥኑ በስንት ሰዓት እንደሚጠፋና ልጁ ሲተኛ ፊቱን ወደየት እንደሚያዞር ነው። የመጀመሪያውም ጥያቄ ቃሉ መለወጥ አለበት። በተመላላሽ ክፍል ተደጋግሞ የሚሰማው ምልልስ ይህን ይመስላል።

«እማማ፣ ልጁ ቴሌቪዥን ብዙ ያያል?»

«ኧረ ዶክተር፣ እኛ ቤት ቴሌቪዥን የለም።»

«ስልኩንስ ማን ነው የሚከፍትለት?»

«እሱንማ ራሱ ነው የሚከፍተው፤ እኔ የት አውቄበት።»

ይህ ሲነገር ልጁ አያቱ ጭን ላይ ተቀምጦ በአውራ ጣቱ ካርቱኑን ወደ ላይ እየገፋ ነው። አያቲቱ አልዋሹም፤ የተጠየቁት ስለ ቴሌቪዥን ነበርና።

ወላጅን ከሁሉ በላይ ወደ ሐኪም የሚያመጣው የንግግር መዘግየት ነው። ልጅ ንግግር የሚማረው ከሰው ፊትና ከመልስ ነው፤ ሲንተባተብ የሚመልስለት፣ ሲጠቁም የሚሰይምለት ይፈልጋል። ማንም ሳያየው ተከፍቶ የሚውል ቴሌቪዥን እንኳ ወላጅ ለልጁ የሚያወራውን ቃል እንደሚቀንስ በጥናት ታይቷል። ሆኖም እዚህ ላይ ሐኪሙ ሊጠነቀቅ ይገባል። በ16 ወሩ አንድም ቃል ያልተናገረ፣ ወይም በሁለት ዓመቱ ሁለት ቃል ማገናኘት ያልጀመረ ልጅ ሲመጣ ስልኩን ከመውቀስ በፊት ጆሮው መታየት፣ መስማቱ መፈተሽ አለበት። የጆሮ ምግል በሚደጋገምበት አካባቢ ለንግግር መዘግየት የቀረበው ምክንያት በደንብ አለመስማት ሊሆን ይችላል፤ ስልኩን ነጥቆ መሸኘት ደግሞ የሚድነውን ልጅ ወራት ያባክንበታል።

ስክሪን ኦቲዝም ያመጣል የሚለው ወሬ በከተማው በሰፊው ይናፈሳል። ይህን የሚያረጋግጥ ማስረጃ የለም፤ ብዙ ስክሪን ማየትና የኦቲዝም ምልክት አብረው የሚታዩባቸው ጥናቶች ቢኖሩም፣ ከሰው ጋር መግባባት የሚከብደው ልጅ ራሱ ወደ ስክሪኑ ሊያዘነብል ስለሚችል የቱ የቱን እንዳመጣ አይለዩም። እናትን «አንቺ ነሽ ያሳመምሽው» ወደሚል ጸጸት የሚከት ምክር በማንኛውም ሐኪም አፍ መገኘት የለበትም። ግጭት የሚያሳዩ ፊልሞች ልጅን ጠበኛ ያደርጉታል ወይ የሚለው ጥያቄም የሥነ ልቦና ተመራማሪው አልበርት ባንዱራ እ.ኤ.አ. በ1960ዎቹ መጀመሪያ ካደረጋቸው ሙከራዎች ጀምሮ ሲያከራክር ኖሯል። በአንጻሩ ከቤት ውጪ በቀን ብርሃን ብዙ የሚቆዩ ልጆች የሩቅ ዕይታ ችግር እንደሚቀንስላቸው፣ የማታ ስክሪንም እንቅልፍን እንደሚያዘገይ ጥርጥር የለውም።

በአመጋገብ በኩል ጎንደር ውስጥ ችግሩ ሁለት መልክ አለው። ስክሪን ፊት ቺፕስና ለስላሳ እየያዘ የሚወፍር ልጅ አለ፤ ከእሱ ይልቅ የሚያሳስበው ግን «ስልክ ካልከፈቱለት አይጎርስም» የሚባለው ቀጫጫ ሕፃን ነው። ካርቱኑ ሲከፈት አፉ ይከፈታል፣ ገንፎው ይገባል፤ እናትም በላልኝ ብላ ደስ ይላታል። ልጁ ግን መራቡንም መጥገቡንም ሳያውቅ ይውጣል፤ ከጥቂት ወራት በኋላ ስልኩ ሲዘጋ ምግቡም ይቀራል። መፍትሔው ስልኩን በአንድ ቀን መቀማት አይደለም። በመጀመሪያ አንዱን ገበታ፣ ለምሳሌ ቁርስን፣ ያለ ስልክ ከቤተሰቡ ጋር ማስቀመጥና ልጁ በእጁ እንዲቆርስ መተው፣ ከዚያም ክብደቱን በየቀጠሮው እየመዘኑ ወደ ምሳ ማለፍ ነው። የልጁ ክብደት ሳይቀንስ ሲቀጥል እናት በምክሩ ትተማመናለች።

ምክሩ ማንን እንደሚነካም መታሰብ አለበት። ብዙ የጎንደር ልጆች እናታቸው ለሥራ አረብ ሀገር ሄዳ በአያት እጅ ያድጋሉ። ለእነዚህ ልጆች ስልኩ የእናት ፊት ነው፤ የቪዲዮ ጥሪ ከክልከላው ውጪ የሆነውም ፊት ለፊት የሚመልስ ሰው ስላለበት ነው። «ስልክ አታሳዩት» ብሎ በጥቅሉ መናገር ያንንም ሊያስቀር ስለሚችል ሐኪሙ ጥሪውን ከካርቱኑ ለይቶ መናገር ይኖርበታል።

በ2013 ዓ.ም. የተቀሰቀሰው ጦርነትና ከዚያ በኋላ የቀጠለው ግጭት ለሐኪሙ አዲስ ኃላፊነት ጨምሯል። የአስከሬንና የተኩስ ምስሎች ከአዋቂ ስልክ ወደ ልጅ ዓይን መድረሳቸው አልቀረም። እ.ኤ.አ. በ1995 በኦክላሆማ ሲቲ ከተፈጸመው የቦምብ ጥቃት በኋላ የተደረጉ ጥናቶች አደጋውን በቴሌቪዥን ደጋግመው ያዩ ልጆች የጭንቀት ምልክት እንደ ታየባቸው አሳይተዋል። ስለዚህ ሌሊት የሚባንን፣ ማታ መሽናት አቁሞ እንደገና የጀመረ፣ ከእናቱ ቀሚስ አልላቀቅ ያለ ልጅ ሲመጣ ከሽንት ምርመራው ጋር «ምን አይቶ ነበር?» የሚለው ጥያቄ ሊነሣ ይገባል።

ከምርመራ ክፍሉ ውጪ ሐኪሙ ሕግና ሬዲዮ አሉት። በ2011 ዓ.ም. የወጣው የምግብና መድኃኒት አስተዳደር አዋጅ ቁጥር 1112 የአልኮል መጠጥ ማስታወቂያ በሬዲዮና በቴሌቪዥን እንዳይተላለፍ ከልክሏል፤ ልጆች የቢራ መዝሙር እያዜሙ ያደጉበትን ዘመን ለሚያስታውስ ሰው ይህ ትልቅ ለውጥ ነው። እ.ኤ.አ. በ1981 የወጣው ዓለም አቀፍ የእናት ጡት ወተት ተተኪዎች ግብይት ደንብም የዱቄት ወተት ለሕዝብ እንዳይተዋወቅ ይጠይቃል። ስለ ክትባትና በተቅማጥ ጊዜ ስለሚሰጠው ንጥረ ነገር በሬዲዮ የተነገረው መልእክት ደግሞ መገናኛ ብዙኃን ልጅን ለማዳን እንደሚያገለግሉ ያስረዳል፤ አማርኛውን የሚያቀናለት ሐኪም ግን ይፈልጋል።

ለጎንደር የቀረበው መንገድ የቡድን ሥልጠናው ነው። ቤት ለቤት የሚወጡ ተማሪዎች ስለ ክትባት፣ ስለ ጡት ማጥባትና ስለ መጸዳጃ ሲጠይቁ በመጠይቃቸው ላይ ሁለት መስመር ቢጨመር ይበቃል፦ ልጁ ትናንት ስልክ የያዘው መቼ መቼ ነበር? በዚያን ጊዜስ ከአጠገቡ ማን ነበር? ሁለተኛው መስመር በተመላላሽ ክፍል በአሥር ደቂቃ የማይገኘውን መልስ ያመጣል፤ ተማሪው እዚያው ደጃፉ ላይ ቆሞ ልጁንም ስልኩንም ያያልና።